አፄ ቴዎድሮስና በመንገድ የቀረው ጉልበት

በተሽከርካሪ ምህንድስና ሙያ የተሰማራ ሰው ሁሉ ገና ከጅምሩ የሚማረው ነገር ቢኖር፣ ሞተር የሚያመነጨው ጉልበትና ጎማ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበት እኩል አለመሆናቸውን ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ የቀረበውን ጃጓር ኢ-ታይፕ የተባለውን የስፖርት መኪና እንውሰድ። ፋብሪካው ያስታወቀው 265 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ነገር ግን ይህ አኃዝ የሞተሩ ጠቅላላ ልክ እንጂ የጎማው አይደለም። ጉልበቱ ከሞተሩ ወጥቶ በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮ፣ በረጅሙ ዘንግ፣ በዲፈረንሻልና በሴሚያስ በኩል እስኪያልፍ ድረስ የማርሽ ጥርስ ከጥርስ ይፋተጋል፤ ማርሾቹ ዘይቱን ያናውጡታል፤ ኩሽኔታዎቹም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ በዚያ ዘመን ስሪት መኪና ከመቶ 15 ገደማ የሚሆነው ጉልበት ሙቀት ሆኖ በመንገድ ይቀራል። አሮጌ የስፖርት መኪናውን በሮለር መለኪያ ላይ አውጥቶ የቁጥሩን ማነስ ያየ ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሰው ሞተሩን ነው። ሞተሩ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ የአንድ ዝነኛ ሰው ታሪክ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ከአውሮፓ የመኪና ሥራ አባቶች አንዱን እመርጣለሁ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ካርል ቤንዝ የመጀመሪያዋን መኪናውን እ.ኤ.አ. በ1886 ከማስመዝገቡ 18 ዓመት አስቀድሞ ያረፉትን ንጉሠ ነገሥት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። የተወለድሁት በወግዲ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በመካነ ሰላምና በአቀስታ አድርጎ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ ዳገት ሞተርን ምን እንደሚያደርገው መጽሐፍ ሳይገልጥ ያውቀዋል። ከዚሁ ደጋ በስተሰሜን፣ በበሽሎ ሸለቆ ማዶና ማዶ፣ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን የሚገመት መድፍ በሰው ትከሻ ወርዶ ወጥቷል። ጉልበት ከምንጩ ተነሥቶ መንኰራኩር ዘንድ እስኪደርስ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ ለመመርመር፣ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ፣ የአባታቸው ስም ኃይሉ ነበር። አባታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር እንዳሳደጓቸው ይነገራል፤ ኮሶ ሻጭ የሚለው የጠላት ስድብም ከዚሁ የመጣ ነው። ካሣ በገዳም ፊደል ቆጥሮ፣ ኋላም ሸፍቶ፣ በቋራ ቆላ ስመ ጥር የጦር አለቃ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ስለሆነ አንባቢን አላሰለችም። ለእኛ ሙያ ትልቅ ትርጉም ያለው ግን በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የሆነው ነገር ነው።

ካሣ በዚያ ዓመት ወደ ሱዳን ጠረፍ ዘልቆ የግብፅን ጦር ገጠመ። ግብፆቹ ቁጥራቸው አነስተኛ ነበር፤ ነገር ግን ምሽግ ሠርተው፣ መድፍ ጠምደውና ሥርዓት ይዘው ጠበቁት። ጀግንነት የማይጎድለው የካሣ ጦር በመድፉ ፊት እንደ ቅጠል ረገፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መድፍ የነበረው አስተሳሰብ ፈጽሞ ተለወጠ። በሕይወቱ ሙሉ ደጋግሞ የሚመለስበትን ጥያቄ፣ ማለትም ይህን የመሰለ ኃይል በገዛ አገር እንዴት እንደሚሠራ፣ ደባርቂ ላይ ተማረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የመጣው ድል ፈጣን ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ፣ በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በዓመቱ መባቻ፣ በ1848 ዓ.ም. መስከረም፣ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ፤ ከዚያም ሸዋን አስገብተው ወጣቱን ምኒልክን ማርከው ወሰዱ። መቅደላ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ግምጃ ቤታቸውና ወህኒያቸው፣ በኋላም መጨረሻቸው ሆነች።

ንጉሡ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ይሹ ነበር፤ አንዱ ጠመንጃና መድፍ የሚሠራ እጅ፣ ሁለተኛው መድፉ የሚያልፍበት መንገድ። ለመጀመሪያው ጉዳይ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡትን ባለ እጅ ሚስዮናውያን በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት አሰፈሯቸው። ዋልድማየርና ሳልሙለር ከእነዚህ መካከል ነበሩ፤ ሞሪትዝ ሆል የተባለው የፖላንድ ተወላጅም በማቅለጡ ሥራ ተሳትፏል። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊያፈሱ አልነበረም፤ ይሁንና ንጉሡ እንቢታን የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። እቶኑ ሲፈርስ እንደገና ተሠራ፤ ቀስ በቀስም እጁ ሲለምድ መድፎቹ እየተለቁ ሄዱ። በመጨረሻም ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ ሞርታር ፈሰሰ። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ለረጅም ወራት ተከባ ከነበረችው የሩስያ የወደብ ከተማ ነው።

የጋፋት ባለሙያዎች ያንን የሚያህል ብረት አቅልጠው በአንድ ቅርጽ ማፍሰሳቸው ትልቅ ሥራ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም በብዛት የሚደነቁት በዚሁ ነው። ከእኛ ወገን ሆኖ ለሚያየው ግን ከባዱ ሥራ የሚጀምረው መድፉ ከእቶኑ ሲወጣ ነው። ሰባት ቶን የሆነ ነገር ጋፋት ላይ ሆኖ ለማንም አያስፈራም። የሚያስፈራው ጦርነት ባለበት ቦታ ሲደርስ ነው።

በዚህ መካከል የንጉሡ ነገር እየከፋ ሄዷል። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ በ1858 ዓ.ም. መልስ ይዞ የመጣው ራሳምም በዚያው ዓመት ታስሮ ወደ መቅደላ ተላከ። በአገር ውስጥ ዋግሹም ጎበዜ፣ በትግራይ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ከመቅደላ ያመለጠው ምኒልክም በሸዋ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ነበር። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የታሪክ ባለሙያ አይደለም፤ ሆኖም አንድ መሐንዲስ ይህን ዘመን ሲያነብ የሚታየውን መናገር ይፈቀድለት። በመሐል የነበረው ፈቃድ እጅግ ብርቱ ነበር። ለወታደሩ ደመወዝ እንዲከፈልና ገበሬው ከተሰሪ ወታደር ሸክም እንዲገላገል፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት በልክ እንዲሆን፣ አገር በአንድ ሕግ እንድትተዳደር የወጣው ትእዛዝ ሁሉ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ትእዛዙ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ግን በየአውራጃው ባላባት፣ በካህናቱና በጦር አለቆች እጅ አልፎ ነው። በእያንዳንዱ እጅ ጥቂት ጥቂት ቀረ። ንጉሡ የተገነዘቡት የመጨረሻውን ጉድለት ብቻ ስለሆነ፣ መልሳቸው ዘወትር ምንጩን ማበርታት፣ ማለትም ቅጣቱን ማክበድ ነበር። ተጨማሪው ቅጣትም በበኩሉ ሙቀት ሆኖ ቀረ፤ ሽፍታውን አበዛው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ እስረኞቻቸውን፣ ባለ እጆቻቸውንና መድፎቻቸውን ሁሉ ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከቦታ ቦታ በአየር መስመር ቢለካ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመሬቱን ጥምዝምዝ ስንጨምርበት ከ200 ይበልጣል። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው። በወራቱ ቢካፈል ለአንድ ቀን የሚደርሰው ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም።

መንገድ አልነበረም። በጌምድርን አቋርጦ ወደ ዋድላ ደጋ የሚወጣው የበቅሎ መሄጃ ለሠረገላ የሚሆን አልነበረምና፣ ሠራዊቱ ቀን ቀን ድንጋይ እየፈነቀለ፣ ዛፍ እየቆረጠና አፋፍ እየናደ መንገድ ያወጣል፤ ከዚያ መድፉ ይሳባል። ንጉሡ ራሳቸው ከፈረስ ወርደው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡና ይቆፍሩ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩት አውሮፓውያን መስክረዋል። ከባዱ ፈተና የመጣው ከዋድላ በኋላ ነው። የጅጣ ወንዝ፣ አንዳንዶች ጅዳ የሚሉት፣ ዋድላንና ደላንታን የሚለየው በጥልቅ ገደል ነው። በጥርና በየካቲት ይህ ሸለቆ ተወረደ፤ ተወጣም። ደላንታ ሜዳ ላይ ጥቂት እፎይ ከተባለ በኋላ ደግሞ ከ1000 ሜትር በላይ ወደ በሽሎ መውረድ፣ ከበሽሎም እስከ መቅደላ ሥር እንደገና መውጣት ግድ ሆነ።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። ሰባት ቶን የሚመዝን ነገር 1000 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው የተጣራ ሥራ 19 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በሁለት ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ሙቀት ይህን ያህላል። ብርቱ ሰው ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ሊያወጣ የሚችለውን ጉልበት 75 ዋት ብንል፣ በስምንት ሰዓት 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ 32 ሰው በአንድ ቀን ይበቃል ይላል። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሳቢዎች ቁጥር 500 ነው፤ የፈጀውም ሳምንታት ነው። የተሽከርካሪ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ሲያይ ስለ ኃይል ማስተላለፊያው መጠየቅ አለበት።

በመጀመሪያ መንኰራኩሩ አለ። የእንጨት መንኰራኩር በልስልስ አፈር ላይ ሲሽከረከር የሚያጋጥመው ተቃውሞ ከጭነቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። አሥር ሜትር ሲኬድ አንድ ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ስበቱ ሌላ አንድ አሥረኛ ይጨምራል። ስለዚህ ሠረገላውን ሳንቆጥር መድፉን ለመሳብ የ1400 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ያሻል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 20 ኪሎ ይስባል ብንል 70 ሰው ማለት ነው። ግማሹ ኃይል ዳገቱን ለመውጣት ዋለ፤ ግማሹን አፈሩ በላው።

ሁለተኛ የሰዎቹ መብዛት ራሱ ጉልበት ያባክናል። ማክሲሚልያን ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎች በኅብረት ገመድ ሲስቡ የሚያወጡትን ኃይል ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳትሟል። ሁለት ሰዎች ሲስቡ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚያወጣው 93 በመቶ፣ አራት ሲሆኑ 77 በመቶ፣ ስምንት ሲሆኑ 49 በመቶ ብቻ ነው የሚያወጡት። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም፤ የገመዱም አቅጣጫ ከጭነቱ አቅጣጫ ጋር አይገጥምም። ስምንት ሰው ግማሹን ካጠፋ፣ በጠመዝማዛ አፋፍ ላይ በጠፍርና በመጫኛ የተያያዘ 500 ሰው ምን ያህል እንደሚያጠፋ ማንም ሊገምት ይችላል። በእርሻ አገር ያደግን ሰዎች ሥራ ያለ ዜማ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ በአጨዳ ጊዜ የሚዘፈነው ዘፈን እጅን ከእጅ የሚያገጥም ነው። የዚያን ሠራዊት ክንድ አንድ ያደረገውም ይኸው የጋራ ጩኸት ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። እያንዳንዱ ሳቢ 60 ኪሎ ይመዝናል ብንል፣ 500 ሰው 30 ቶን ነው። ሰባት ቶኑን ለማውጣት 30 ቶን ሰው አብሮ ዳገቱን ይወጣል። ያውም ስንቁንና መሣሪያውን ሳንጨምር ነው። ይህ ማለት ከአካሉ ጉልበት አብዛኛው የራሱን አካል ለማንሣት ይውላል። ከባድ ካምቢዮና ከባድ ዘንግ የተጫነበት መኪና ራሱን ለመሸከም ነዳጅ እንደሚፈጅ ሁሉ ማለት ነው። ደላንታ ደግሞ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለል አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የጎደለ ነው። ሞተርም ሰውም ይህን ጉድለት ይካፈሉታል፤ የደጋ ሰው ግን የተፈጥሮ ልማድ ስላለው ከሞተሩ ይሻላል።

ቁልቁለቱስ እረፍት ነበር ወይ? አልነበረም። በዳገት የተፈለገው ያ 19 ኪሎዋት ሰዓት በቁልቁለት በራሱ ጊዜ ይፈታል፤ ሠረገላውን ወደ ገደል እንዳይሰድደውም መያዝ አለበት። ፍሬን የለም። የነበረው ከኋላ የሚጎትት ሰው፣ ከመንኰራኩሩ ሥር የሚጣል ታኮ፣ መንገዱንም በተቻለ መጠን በጥምዝምዝ ማውረድ ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ግሎ ሲሸት ያሸተተ ሰው፣ ያ ሁሉ ሙቀት በዚያን ጊዜ በሰው መዳፍ እንደወጣ ሊያስብ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ የምተነትነው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም። ያ መንገድ በዚያ ዘመንና በዚያ አገር ያለ ባሩድ ፍንዳታ ብዛት፣ ያለ ቅየሳ መሣሪያ፣ ከሽፍታ ጋር እየተዋጉ የተሠራ ነው። ከመድፉ ይልቅ መንገዱ የቴዎድሮስ ታላቅ የምህንድስና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

በዚሁ ወቅት ከቀይ ባሕር በኩል ጄኔራል ናፒየር እየመጣ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ወርዶ፣ ከባሕሩ እስከ ተራራው ሥር አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በሦስት ወር ገደማ ጨረሰው። በሀብትና በመሣሪያ የነበረው ልዩነት የታወቀ ነው፤ የደጃዝማች ካሣ ምርጫ ማሳለፍና የመንገዱ አገር ሰው ስንቅ መሸጥም ቀላል ነገር አልነበረም። ለጉዳያችን ግን የሚጠቅመው የጭነታቸው አከፋፈል ነው። የተራራ መድፎቻቸው ሰባት ፓውንድ ጥይት የሚተኩሱ ትናንሾች ሲሆኑ፣ አፈሙዙ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ ብቻ ነበር። አንዲት በቅሎ አፈሙዙን፣ ሌላይቱ እግሩን፣ ሌላይቱ ጥይቱን ትሸከማለች። ከባዶቹ መድፎችና ሞርታሮች ከሕንድ በመጡ 44 ዝሆኖች ላይ ተጫኑ። መንኰራኩርም፣ ገመድም፣ የ500 ሰው ቅንጅትም አላስፈለገም፤ እንስሳው ራሱ ምንጩም ማስተላለፊያውም ነው። ሴባስቶፖል ግን በአንድ ቅርጽ የፈሰሰ ነበርና ሊከፈል አይችልም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የናፒየር ጦር ጅጣንና በሽሎን የወረደውና የወጣው አፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ባሠሩት መንገድ ነው። እንግሊዞቹም መንገዱን አይተው አድንቀዋል። መድፉን ለማድረስ ስድስት ወር የፈጀው ሥራ ዝሆኑንና በቅሎውን በጥቂት ቀናት አሳለፈ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ ከመቅደላ ሥር በእሮጌ ሜዳ ጦርነቱ ሆነ። የንጉሡ መድፎች ከፋላ አምባ ላይ ወደ ታች ተተኮሱ፤ ጉዳት ግን አላደረሱም፤ ከትልልቆቹም አንዱ ገና በጅምሩ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት ሠራዊት ቁልቁል ወርዶ በፈጣን ጠመንጃና በሮኬት ፊት ቆመ። ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህል ሞቱ፤ 1200 ያህልም ቆሰሉ። ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ሲሆኑ፣ ሁለቱ በኋላ ሞተዋል። ደባርቂ ላይ የሆነው ነገር ከ20 ዓመት በኋላ ተደገመ።

አፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ለመስጠት ግን እንቢ አሉ። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ እንግሊዞቹ የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ናፒየር አምባውን አቃጥሎ፣ መድፎቹን አፈራርሶ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ አስጭኖ፣ በዚያው በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ፤ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ።

በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ሴባስቶፖል አምሳያ ነው። ዋናው እስከ ዛሬ ድረስ መቅደላ ነው። ማንም ሊወስደው አልቻለም፤ ለመውሰድ ቢታሰብም ያንኑ ገደል እንደገና መውረድና መውጣት ይጠይቅ ነበር። ሠረገላው የለም፤ ገመዶቹም ከጠፉ ቆይተዋል። መድፉ አፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ በሣሩ መካከል ተጋድሟል፤ ልጆችም እየወጡ ይቀመጡበታል።